የእትዬ ትርንጎ ወጥ ቀማሽ

ከቤቱ ውጭ የሚበላ ሰው ወንበር ላይ ይሆናል እንጂ አይቀመጥም። እስቲ ራሳችሁን ታዘቡት። ቤታችሁ ስትበሉ ጀርባችሁን ለበሩ ሰጥታችሁ፣ እግራችሁን አጣጥፋችሁ፣ ምን እንደጎረሳችሁ እንኳ ሳታዩ ትጎርሳላችሁ። ምግብ ቤት ስትገቡ ግን መጀመሪያ ጥግ ትፈልጋላችሁ፤ ጥጉ ከተያዘ ቅር ይላችኋል፤ ከተቀመጣችሁ በኋላ ደግሞ የጎረቤታችሁ ሳህን ከእናንተ የተሻለ ይመስላችኋል። አንድ ዓይን በሩ ላይ፣ አንድ ዓይን የወጥ ቤቱ መጋረጃ ላይ፣ እጅ ስልክ ላይ። ምግቡ ሲመጣ አንድ ነገር ጥሎን እንደሚሄድ ሁሉ እየተጣደፍን እንውጠዋለን። ምን ጥሎን እንደሚሄድ እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም።

እኔ ዓመታት እንዲህ የበላሁ ሰው ነኝ። ሥራዬ የእንስሳት ጤና ነው። ገበሬው «ዶክተር» ይለኛል፤ ዶክተር እንዳልሆንኩ ብነግረው አልሰማ ስላለኝ መንገሩን ትቻለሁ። የክትባት ሳጥኔን ከሞተሬ ኋላ አስሬ ዛሬ እስቴ ነኝ፣ ነገ ስማዳ፣ ከነገ ወዲያ ታች ጋይንት። ባለቤቴ ደብረ ታቦር ታስተምራለች፤ በወር አንዴ፣ ከሆነልን ሁለቴ እንገናኛለን። በቀረው ጊዜ ሆዴ የሚያድረው በሰው እጅ ነው። ስለዚህ ስለ ምግብ ቤት አስተያየት ቢኖረኝ አትፍረዱብኝ። አስተያየት ብቻ ነው የቀረልኝ።

መካነ ኢየሱስ መናኸሪያው አጠገብ የሚበላው ምግብ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ፍርፍራቸው እንዲያውም ይመሰገናል። ችግሩ ጥሩምባው ነው። የደብረ ታቦሩ አውቶብስ ጥሩምባውን በነፋ ቁጥር ግማሹ ተመጋቢ እንጀራውን በአፉ እንደያዘ ብድግ ይላል። እኔ ከአውቶብሱ ጋር ምንም ጉዳይ የለኝም፤ ሞተር አለኝ። ቢሆንም ጥሩምባው ሲነፋ አብሬ ብድግ እላለሁ። ሰው ሲሮጥ እያየ ተረጋግቶ የሚጎርስ ሆድ አልፈጠረልኝም።

አርብ ገበያ ደግሞ ስሙ እንደሚለው ገበያው የሚደምቀው አርብ ነው፤ አርብ ደግሞ ጾም ነው። እና ያ ሁሉ በግና ፍየል በሚሸጥበት ቀን ሥጋ የሚባል ነገር አይነሳም። በሸራው ጥላ ሥር ትከሻችሁን ከአንድ አህያ ጋር አስተካክላችሁ ሽሮ ትበላላችሁ፤ አህያው ያያችኋል። ሽሮው ጥሩ ነው። አስተያየቱ ግን ይከብዳል።

ከሁሉም የማልታገሠው ግድግዳው ሙሉ የምግብ ስም የለጠፈውን ቤት ነው። አሳላፊዋ «ጥብስ፣ ቅቅል፣ ዱለት፣ ፍርፍር፣ ፓስታ፣ ሩዝ» ብላ በአንድ ትንፋሽ ትወርደዋለች። «ዱለት አምጪልኝ» ስትሏት «አልቋል» ትላለች። «ቅቅልስ?» «አልቋል።» መቼ ተጀምሮ መቼ እንዳለቀ አይነገራችሁም። በመጨረሻ ያለው ሽሮ ነው። ሽሮ መሆኑን እሷም ታውቃለች፣ እናንተም ታውቃላችሁ፤ ግን በዱለት በኩል ዞራችሁ መድረስ አለባችሁ።

ለዚህ ነው ወገዳ ስደርስ ትንፋሼን የምሰበስበው። ወገዳ ከእህል ተራ ጀርባ እትዬ ትርንጎ የሚባሉ ሴት አሉ። ቤታቸው ማስታወቂያ የለውም፣ ዝርዝር የለውም፣ ምርጫም የለውም። ገብታችሁ ስትቀመጡ «ታጠብ» ይሏችኋል፤ ትታጠባላችሁ፤ የዕለቱ ወጥ ይመጣል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው በዚያች ቤት ይኖራሉ። ሽሯቸውን ምን ብዬ ላስረዳችሁ፤ ከኮሰረቱና ከበሶብላው መሃል አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ስሙን ጠይቄያቸው «እጄ ነው» ብለውኛል። በዚያች ቤት ተቀምጬ የመካነ ኢየሱስን፣ የአርብ ገበያን፣ የክምር ድንጋይን ወጥ ሁሉ አምቻለሁ። እትዬ ትርንጎ ድስታቸውን እያማሰሉ ይሰሙኛል፤ አንዳንዴ ይስቃሉ። የአንድ ሰው እግር የሚያርፍበት ቤት ካለ ለእኔ ያ ነበር።

ያለፈው ዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ነው። ሦስት ሳምንት እስቴ ከርሜ ወገዳ ገባሁ። በጾም እትዬ ትርንጎ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ለማንም አያቀርቡም፤ ራሳቸውም ቅዳሴ ሳይወጣ ጠብታ አይቀምሱም። እኔም ያቺን ሰዓት ጠብቄ ሄድኩ። ቤቱ ውስጥ ሁለት አስተማሪዎችና መሪጌታ ስሜነህ ነበሩ። መሪጌታ ሚስታቸው ከሞቱ ጀምሮ ምሳቸውን እዚያ የሚበሉ፣ ሰማንያ የተጠጉ የቅኔ መምህር ናቸው። ሰላምታ ሰጥቼ ታጠብኩ። ሽሮው መጣ። ጎረስኩ።

ጨው ነበር። ጨው የበዛበት ሽሮ ሳይሆን ሽሮ የተጨመረበት ጨው። ከሥሩ ደግሞ ያረረ ሽንኩርት ሽታ ይመጣል። ቀና ብዬ ሰዎቹን አየሁ። የሒሳብ መምህሩ ግድግዳውን እያየ ያኝካል። ጓደኛው ውሃ ይቀዳል። መሪጌታ ብቻ ጎንበስ ብለው፣ እንደ ወትሯቸው ቀስ እያሉ ይበላሉ። ማንም ምንም አላለም። እኔም፣ የሦስት ወረዳ ወጥ የማማው ሰውዬ፣ ምንም አላልኩም።

ግማሹን ተውኩት። እትዬ ትርንጎ ሳህኑን ሲያነሡ ትንሽ ቆም ብለው አዩት።

«ምነው ዶክተር፣ አልበላህም?»

«ሆዴን ትንሽ ቆርጦኝ ነው።»

ጤና አዳም የነከሩበት ሻይ አመጡልኝ። ሻዩ ጥሩ ነበር። እሱ ደግሞ ይበልጥ አሳፈረኝ።

በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ቀን እግሬ ራሱ ወደ ሌላ ቦታ ወሰደኝ። በዋናው መንገድ ዳር አዲስ የተከፈተ ምግብ ቤት አለ፤ ቴሌቪዥኑ እስከ መንገዱ ይሰማል፣ ግድግዳው ሙሉ የምግብ ስም ነው። አንገቴን ደፍቼ ገባሁና ምሰሶው ጀርባ ያለችውን ጠረጴዛ ስፈልግ ሰው ይዟታል። የሒሳብ መምህሩ ነው። ከአጠገቡ ጓደኛው። ከእነሱ ወዲያ ጎን፣ በእትዬ ትርንጎ ቤት ዘወትር የማየው የእህል ነጋዴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ፓስታ ይጠቀልላል። ተያየን። ሰላም አልተባባልንም። እንደዚያ ያለ ሰላምታ ምን ተብሎ እንደሚጀመር የሚያውቅ ሰው በመሃላችን አልነበረም።

ያዘዝኩት ሳይመጣ ተነሣሁ። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት የክትባት ሳጥኔ ነበር፤ እትዬ ትርንጎ ቤት ጥላ ቦታ ስላለ ጠዋት እዚያ አስቀምጬዋለሁ። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ ግን ከምሰሶው ጀርባ መቀመጥ አልቻልኩም።

በራቸው ላይ ስደርስ ጭስ ተቀበለኝ። የእንጨት ጭስ አይደለም፤ የሚያር ሽንኩርት ነው፣ ዓይን ያቃጥላል። እትዬ ትርንጎ ጀርባቸውን ለምድጃው ሰጥተው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ድስቱ ከኋላቸው ይጨሳል። እሳቸው ጠጠር አንሥተው ይጥላሉ፣ እንደገና ይለቅማሉ። ከጭሱ ሦስት ክንድ አይርቁም።

«እትዬ» አልኳቸው፣ «ወጡ እያረረ ነው።»

ዘወር ብለው ድስቱን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ድስቱን አላወረዱም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አሁን ነው፣ ጭሱን አይቼ ነው...»

«የዛሬውን አይደለም የምጠይቅህ።»

ድስቱን እኔ አወረድኩት። እሳቸው ጉልበታቸው ላይ ካለው ሰፌድ ሌላ ጠጠር አንሥተው ጣሉ።

«ጾሙ ሲገባ ጉንፋን ያዘኝ» አሉ። «ጉንፋኑ ሄደ። አፍንጫዬ ግን አልተመለሰም። ጤና አዳም እጄ ላይ አሽቼ ባሸተው ሣር ነው። ኮሰረቱም ሣር ነው። ወጡን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ስቀምሰው ውሃ ውሃ ይለኛል፤ በማግስቱ ጨው እጨምራለሁ፤ አሁንም ውሃ ነው። ሰዉ ሲቀንስ አዲሱ ቤት ወሰደብኝ አልኩ። ሳህኑ ሲመለስ ግን አያለሁ። ዓይኔ ደህና ነው።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«ሽታ የማታውቅ ወጥ ሠሪ ማን ይበላላታል? ወሬው አንድ ገበያ ይበቃዋል። ከዚህ ቤት ሌላ ምን አለኝ?» ከዚያ ድምፃቸውን ሳያነሡ እንዲህ አሉ፦ «እኔስ እሺ፣ ፈርቼ ነው። አንተ የሰውን ሁሉ ወጥ ስታማ የኖርከው እኔ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ነው። የኔ ሲደርስ አፍህን ምን ያዘው?»

ሰውን ላለማስቀየም ብዬ ነው ማለት ይቻላል፤ ሁላችንም እንደዚያ እንላለን። ነገር ግን እሳቸውን ላለማስቀየም ብለን አራት ሰዎች ከምሰሶ ጀርባ ተደብቀን ነበር፤ ቤታቸው ደግሞ ባዶ ነበር። ይሉኝታ የሚባለው ነገራችን ሥራውን እንዲህ ነው የሚሠራው። አይናገርም፣ ተነሥቶ ይሄዳል።

«እኔ እቀምስልዎታለሁ» አልኳቸው።

«አንተ ሰኞ እዚህ፣ ማክሰኞ እስቴ። ደግሞም ሸሽተሃል።» ሰፌዱን አስቀምጠው ተነሡ። «የኔታ ይቀምሱልኛል። እሳቸው አንድ ቀን አልቀሩም።»

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መሪጌታ ስሜነህ በክብር ተቀመጡ። እትዬ ትርንጎ ነገሩን ነግረዋቸዋል። አዲስ የተሠራ ምስር በትንሽ ሳህን ቀረበላቸው። መሪጌታ ቅኔ ሊዘርፉ ሲሉ እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ጎረሱ፣ ረጅም ጊዜ አሰቡ።

«ጥሩ ነው» አሉ።

የእትዬ ትርንጎ ፊት ሲበራ አየሁት። ለእኔም ቀረበልኝ። ከትናንት ወዲያ ከበላሁት የባሰ ጨው ነበር። ሦስት ብርጭቆ ውሃ ጠጣሁና መሪጌታ ሲወጡ ተከትዬ ወጣሁ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው ዳገት ላይ ደረስኩባቸው።

«የኔታ፣ ጨዉ አልበዛም ይላሉ?»

«በዝቶ ነበር እንዴ?»

«አልታወቀዎትም?»

ቆሙ። መቋሚያቸው ላይ ተደግፈው ትንሽ ተነፈሱ።

«ልጄ፣ እኔ ጨውና ስኳር መለየት ከተውሁ ብዙ ጊዜዬ ነው። እርጅና መጀመሪያ ጥርሴን፣ ከዚያ ምላሴን ወሰደ። ድምፄን ትቶልኛል፤ አላማርርም።»

እንግዲህ አስቡት። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ «እኚህ አዛውንት ያን ሁሉ ጨው ለወዳጅነት ሲሉ ችለው ይበላሉ» ብዬ በልቤ ሳመሰግናቸውና ራሴን ስረግም ነበር።

«ታዲያ ቅመሱልኝ ሲሉዎት ለምን እሺ አሉ?»

«ጠየቀችኝ» አሉ፣ ነገሩ ግልጽ ነው በሚል አኳኋን። ዳገቱን ሁለት ሦስት እርምጃ ወጡና ጨመሩ፦ «ዱሮ ሰው ሁሉ ይጠይቀኝ ነበር። በኋላ ዛሬ የማን በዓል ነው የሚሉ ብቻ ቀሩ። እሱንም አሁን ስልካቸው ይነግራቸዋል።»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወገዳን ላይ ታች እያልኩ የዞርኩትን ያህል ከብት ፍለጋ እንኳ ዞሬ አላውቅም። ለእትዬ ትርንጎ ልንገራቸው? ብነግራቸው አንድ የሚያምኑት ሰው ነበራቸው፣ እሱንም ያጣሉ። መሪጌታም አንድ የሚጠይቃቸው ሰው ነበር፣ እሱንም ያጣሉ። ዝም ልበል? ዝም ማለቴ ያደረገውን አይቻለሁ። እህል ተራን ሦስት ጊዜ ዞርኩ። አንድ ሽንብራ ሻጭ የሆነ ነገር የጠፋኝ መስሎት አብሮኝ መሬት መሬቱን ይፈልግ ጀመር።

ማምሻውን መሪጌታ ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። እኔ ከጎናቸው እቀመጣለሁ፤ በአገራችን ደንብ ከአንድ ሳህን አብሬያቸው እጎርሳለሁ። ከጠረጴዛው ሥር እግራቸውን አንዴ ከረገጥኩ ጨው አንሷል ማለት ነው። ሁለቴ ከሆነ በዝቷል። ሦስቴ ከሆነ ገና ይብሰል። ካልነካኋቸው ጥሩ ነው። መሪጌታ በጥሞና ሰሙኝ።

«ይኸ እንግዲህ ሰምና ወርቅ ነው» አሉ። «ሰሙ እኔ፣ ወርቁ እግርህ።»

ሠራ። በመጀመሪያው ቀን ሁለቴ ረገጥኩ፤ መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡና «ትርንጎ፣ ጨው ረገብ ይበል» አሉ። እትዬ ትርንጎ የጨዉን ልክ በስኒ ይሰፍሩ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ሦስቴ ረገጥኩ፤ ከዚያ ወዲህ እትዬ ትርንጎ ሽንኩርቱ የሚበስልበትን ድምፅ ማድመጥ፣ ዘይቱ ወደ ላይ የሚወጣበትን ሰዓት በዓይናቸው መጠበቅ ለመዱ። በሳምንቱ መጨረሻ አልረገጥኩም። ሽሮው የድሮው አልነበረም፤ ያ «እጄ ነው» ያሉኝ ነገር ትንሽ ፈቀቅ ብሏል። ሌላ ሽሮ ነበር። ጥሩ ሽሮ ነበር።

ግን እኔ መንገደኛ ነኝ፤ ታች ጋይንት ክትባት ይጠብቀኛል። ስለዚህ ወደ አዲሱ ምግብ ቤት ምሰሶ ተመለስኩ። የሒሳብ መምህሩን አጠገቡ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። ጆሮው ቀላ። መጀመሪያ «በስልክ መልእክት ብልክላቸውስ?» አለኝ፤ የመሪጌታ ስልክ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ እንደሚኖር ሲያውቅ እግሩን ለመስጠት ተስማማ። ጓደኛውም ተጨመረ። የእህል ነጋዴውን ማንም አልጠራውም፤ ሲመለሱ አይቶ ራሱ ተከተላቸው፤ አንድ ቀን «እኔም ተራ ይሰጠኝ» አለ።

ከዚያ በኋላ የትም ብበላ ልቤ አላርፍ አለ። መካነ ኢየሱስ ጥሩምባው ሲነፋ ሌላው ወደ አውቶብሱ ሲሮጥ እኔ ወደ ውጭ ወጥቼ ለሒሳብ መምህሩ እደውላለሁ።

«ዛሬ እግር ማን ነው?»

«ጓደኛዬ ነው። ግን ትንሽ ከባድ ነው የሚረግጠው።»

ስልኬን ከጆሮዬ ሳነሣ አጠገቤ የቆመው የአውቶብሱ ረዳት በደንብ ያየኛል። ምን ብዬ ላስረዳው።

ጾሙ ተፈታ፣ ፋሲካ አለፈ፣ ክረምቱም ገብቶ ወጣ። የእትዬ ትርንጎ አፍንጫ አልተመለሰም። ጤና ጣቢያ ሄደው «ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል» ተብለዋል፤ እሳቸውም «ይህንንማ እኔም አውቃለሁ» ብለው ወጥተዋል። ቤቱ ግን ሞላ። የገበያ ቀን ቆሞ የሚጠብቅ ሰው አለ። መሪጌታ ደግሞ በከተማው ስም ወጣላቸው፤ ወጥ በሚሠራበት ሙሽራ ቤት ሳይቀር «የኔታ ይቅመሱት» ተብለው ሲጠሩ ሰማሁ። እዚያ እንዴት እንደተወጡት አልጠየቅኳቸውም።

ባለፈው ወር ነው እንግዲህ፣ ከእስቴ መጥቼ ሞተሬን አቆምኩና ገባሁ። አስተማሪዎቹ ተነሥተው ቦታውን ለቀቁልኝ፤ መሪጌታ ጎን ተቀመጥኩ። ጸሎት ተደረገ። ቅቅሉ በትንሽ ሳህን ቀረበ። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም አብሬያቸው ጎረስኩና እግሬን ከጠረጴዛው ሥር ቀስ ብዬ ወደ እግራቸው ላኩ።

እትዬ ትርንጎ ጭልፋቸውን እንደያዙ ጆሮዬ አጠገብ ጎንበስ አሉ።

«ዶክተር» አሉኝ፣ «የኔታ ግራ እግራቸው አብጧል። ዛሬ በቀኙ ንገራቸው።»

ደነገጥኩ። መሪጌታን አየኋቸው። ዓይናቸውን ሳይገልጡ ቀኝ እግራቸውን ወደ እኔ አቀረቡልኝ።

ጨው አንሶ ነበር። አንዴ ረገጥኳቸው።